ምዕራፍ ሰባት፦ የአንድ ስቶፕ ዋጋ

በካሜራ እንጀራ የሚበላ ሰው፣ ወይም ሊበላ የተነሳ፣ ከካሜራው ጋር የመጣችውን ሌንስ ከለመደ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር በሚሄደው ዙም ላይ ነው። ይህ ሌንስ ከአዳራሽ ጀርባ ሆኖ የሙሽራዋን ፊት ይስባል፣ ከሜዳ ዳር ተጫዋቹን ያቀርባል፣ ከሰው ኋላ ያለውን ዝብርቅርቅ አደብዝዞ ሰውየውን ለብቻው ያወጣል። ገዢው ግን ሱቅ ሲገባ የሚቀርቡለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኤፍ/2.8፣ ሌላው ኤፍ/4። የሚስቡት ርቀት አንድ፣ ሠሪያቸው አንድ፣ ቀለማቸው እንኳ አንድ ነው። በዋጋም በክብደትም ግን አንደኛው የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከሰው የሚሰማው ምክር ደግሞ አጭር ነው፦ «አቅም ካለህ 2.8 ግዛ፣ ከሌለህ በ4 ተብቃቃ።» ይህ ምክር ምርጫውን የኪስ ጉዳይ ስላደረገው ብዙ ሰው አሳስቷል ብዬ እከራከራለሁ። ምርጫው የሥራ ዓይነት ጉዳይ ነው። በሥራ ዓይነት ከተለካ ደግሞ ለአብዛኛው ፎቶ አንሺ፣ አቅም ላለውም ጭምር፣ ትንሹ ሌንስ የተሻለ ግዢ ሆኖ ይገኛል።

ክርክሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የታወቀ ጥንድ እንያዝ። ካነን ለዲኤስኤልአር ካሜራዎቹ የሠራው ኢኤፍ 70-200 ኤፍ/2.8 ኤል አይኤስ ሁለተኛው ትውልድ በ2010 ወጣ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ክብደቱ 1490 ግራም ነው። ወንድሙ ኤፍ/4 ኤል አይኤስ በ2006 የወጣ ሲሆን 760 ግራም ይመዝናል። ሁለቱም ዛሬ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው፤ በመያዣ ቀለበት አማካይነት በአዲሶቹ መስታወት አልባ የካነን ካሜራዎችም ላይ ይሠራሉ። ኒኮንም ሶኒም ተመሳሳይ ጥንድ ስላላቸው ስሌቱ ለእነሱም ብዙ አይለወጥም። ልዩነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ቀዳዳ ስፋት ነው። የኤፍ ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ 200ን ለ2.8 ብናካፍል 71 ሚሊ ሜትር፣ ለ4 ብናካፍል 50 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 71 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከ50ው እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ይህን እጥፍ ነው አንድ ስቶፕ የምንለው። ይህን ያህል ብርሃን ለማስገባት የፊቱ መስታወት መስፋት አለበት፤ የሰፋ መስታወት ደግሞ ይወፍራል፣ ከኋላው ያሉትም ተከትለውት ያድጋሉ። በትልቁ ውስጥ 23 መስታወቶች አሉ፣ በትንሹ ውስጥ 20። በቁጥር የተቀራረቡ ሆነው በክብደት እጥፍ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገዢው ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለጥራት ሳይሆን ለአንድ ስቶፕ ነው። ኤፍ/4 ላይ ሁለቱም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ፤ በአልበም ታትሞ የቱ በየትኛው እንደተነሳ ለይቶ የሚናገር ሰው ካለ ዓይኑን አደንቃለሁ።

ታዲያ ይህ አንድ ስቶፕ ምን ይገዛል? ከቀኑ ብርሃን እንጀምር። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ ሆኖ ኤፍ/4 የከፈተ ሰው 1/1600 ሰከንድ የሚደርስ የሸተር ፍጥነት ያገኛል። ሯጭ ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ለሚዘል ወጣትም፣ በጠዋት ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫም፣ በስሜን ተራሮች ላይ ሰው ብዙም ለማይሸሸው ጭላዳም ያው ነው። ኤፍ/2.8 በዚያው ቦታ 1/3200 ይሰጣል፤ የተሰጠው ግን የሚፈለግ ነገር አይደለም። ሲመሽስ? ብዙ ሰው ትልቁን ሌንስ የሚገዛው ለምሽት ነው። ከምድር ወገብ እምብዛም በማይርቀው በአዲስ አበባ ሰማይ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ቀጥ ብላ ወደ ታች በመውረድ ነውና ምሽቱ አጭር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ 400 ሉክስ ገደማ ነው፤ ከ20 ደቂቃ ጥቂት ካለፈ በኋላ 3 ሉክስ ተኩል ያህል ይቀራል። ይህ ሰባት ስቶፕ የሚጠጋ መውረድ ነው፤ ለደቂቃ ሲካፈል ብርሃኑ በየሦስት ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። እንግዲህ የመስቀል ደመራን ሊያነሳ የወጣ ሰው በትልቁ ሌንስ የሚያገኘው ትርፍ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ለጋዜጣ ፎቶ አንሺ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግን አይኤስኦውን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ያንኑ ይሰጠዋል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አይኤስኦን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ዛሬ የሚያስከፍለው ዋጋ «ባለሙያ ያለ 2.8 አይሠራም» የሚለው አባባል በተወለደበት ዘመን ከነበረው ጋር አይገናኝም። አባባሉ የፊልም ዘመን ልጅ ነው። ያኔ ካሜራው ውስጥ የገባው ፊልም 400 ከሆነ እስኪያልቅ ድረስ 400 ነው፤ ወደ 1600 ሲገፋም ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው አይኤስ ደግሞ ወደዚህ ሌንስ የገባው በ2001 ነው። በዚያ ሁኔታ አንድ ስቶፕ የፎቶ መኖርና አለመኖር ነበር። በ2005 የወጣው የካነን 5ዲ መደበኛ ጣሪያው አይኤስኦ 1600 ሲሆን፣ በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3 እስከ 25,600 ይሄዳል። ጣሪያ ላይ የሚነሳ ፎቶ መልከ መልካም ባይሆንም፣ በ3200 እና በ6400 መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ በንጽጽር ብቻ የሚታይ ነው። በብርሃን ተፈጥሮ ምክንያት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ምስሉ ከኖይዝ አንጻር የሚጎዳው በሁለት እጥፍ አይደለም፤ በ1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ፎቶው ተቀንሶ በቴሌግራም ሲላክና በስልክ ሲታይ ይህም ይጠፋል።

አይኤስ የማይፈታው ችግር እንዳለ ግን አልሸሽግም። ሁለቱም ሌንሶች እስከ አራት ስቶፕ ድረስ የእጅ መንቀጥቀጥን እንደሚያካክሱ ካነን ይገልጻል፤ ቆሞ ንግግር የሚያደርግን ሰው በ200 ሚሊ ሜትር በ1/30 ሰከንድ ማንሳት ይቻላል። የሚረጋጋው ግን የፎቶ አንሺው እጅ እንጂ የሚነሳው ሰው አይደለም። ደህና መብራት ባለበት የሠርግ አዳራሽ ውስጥ በኤፍ/2.8፣ በአይኤስኦ 3200፣ በ1/250 ሰከንድ ልክ የሚመጣ ፎቶ በኤፍ/4 ወይ 6400 ወይ 1/125 ይጠይቃል። እስክስታ ላይ ያለ ትከሻ በ1/125 ይፈሳል። (አንዳንዴ ትከሻው ሲፈስና ፊቱ ሲጠራ የተሻለ ፎቶ ይወጣል፤ ያ ግን ታስቦበት ሲሆን ነው።) መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ስሌቱ ከ6400 ወደ 12,800 ሲሄድ ደግሞ ልዩነቱ ለማንም ዓይን ይታያል። ከኤፍ/2.8 ወገን ከሚነሱት መከራከሪያዎች ጠንካራው ይህ ነውና እመለስበታለሁ።

ደካማ መስሎ የማይታየው፣ ሲመረመር ግን የሚላላው መከራከሪያ የጀርባ ድብዘዛው ነው። «ያ ቅቤ የመሰለ ጀርባ በኤፍ/4 አይመጣም» ይባላል። እንለካው። ሙሽሮቹ ከካሜራው 5 ሜትር ላይ ቆመው፣ ሌንሱ 200 ላይ ሆኖ፣ ከኋላቸው 3 ሜትር ርቆ የአጥር ቁጥቋጦ አለ እንበል። በኤፍ/2.8 ከቁጥቋጦው ያለች አንዲት ነጥብ ብርሃን ከሙሽሮቹ ጋር ስትነጻጸር 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ሆና ትሰፋለች። በኤፍ/4 19 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ልዩነቱ አለ፤ ዓይንም ያየዋል። ነገር ግን ሙሽሮቹ ከቁጥቋጦው የሚርቁበት 3 ሜትር ወደ 6 ሜትር ቢጠጋ፣ ፎቶ አንሺውም ያንኑ 5 ሜትር ጠብቆ አብሮ ወደ ኋላ ቢል፣ ኤፍ/4ም ያችኑ 27 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። አራት እርምጃ መሆኑ ነው። ቦታ በሌለበት ግቢ አራት እርምጃ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ በመናፈሻ ውስጥ ግን አራት እርምጃ ነፃ ነው፣ ሌንሱ ግን ነፃ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጥራት የሚኖረው ጥልቀት ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ፣ በ5 ሜትር ርቀት፣ በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ/2.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ በኤፍ/4 15 ሴንቲ ሜትር። ሙሽራውና ሙሽራዋ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲቆሙ የአንዳቸው ፊት ከሌላው አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ መሆኑ የተለመደ ነው። በኤፍ/2.8 አንዷ ጠርታ ሌላው ይደበዝዛል። ሚዜዎች ሲጨመሩማ ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ሌንሱን ወደ ኤፍ/5.6 ይዘጋዋል። እንግዲህ 1490 ግራም ተሸክሞ የዋለ ሰው በቀኑ ዋና ዋና ፎቶዎች ላይ የከፈለበትን ስቶፕ በእጁ ዘግቶ ነው የሚያነሳው። ኤፍ/2.8 በሙላት የሚሠራው ለአንድ ሰው ፎቶ ነው፤ ለአንድ ሰው ፎቶ ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ አማራጭ አለ።

ይህ ሦስተኛ አማራጭ ካነን ከ1992 ጀምሮ የሠራው 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ነው። ዙም የለውም፣ አይኤስ የለውም፣ መልኩም አያስደነግጥም፤ 425 ግራም ነው። ከኤፍ/2.8 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን 2.4 እጥፍ ይሆናል። ትንሹን ዙምና ይህን ሌንስ በአንድ ቦርሳ ስንከት 1185 ግራም ይመዝናሉ፤ ከትልቁ ዙም ለብቻው 305 ግራም ይቀልላሉ ማለት ነው። በዋጋም ሁለቱ ተደምረው ከትልቁ አይደርሱም። በቀን ዙሙ፣ ሲመሽና ጠበብ ባለ ቤት ውስጥ 85ቱ ይሠራል። እንዲህ ያለው ፎቶ አንሺ በጨለማ ከባለ 2.8ው የበለጠ ብርሃን አለው። «ሌንስ ስቀይር ቅጽበቱ ያመልጠኛል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ቀለበት ሲጠለቅ ሌንስ አይቀየርም። ነገር ግን ጨለማው የሚታወቀው ቀደም ብሎ ነው፤ አዳራሽ ሲገባ፣ መብራት ሲቀንስ። ቅያሪውም ያኔ ያልቃል። በዚያ ላይ የጨለሙት ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ጠባብ ናቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ገብቶ 200 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሰው ግድግዳውን በጀርባው ሊገፋ ነው።

ገንዘቡ ከሌንስ ይልቅ ካሜራው ላይ ቢውል ምን እንደሚያመጣም ማስላት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ነው ወደ ሱቅ የሚሄደው። አነስተኛ ሴንሰር ባለው የካነን ካሜራ ላይ ትልቁን ሌንስ የገጠመ ሰው ኤፍ/2.8 ገዛሁ ይላል። የዚያ ሴንሰር ስፋት ግን ከፉል ፍሬሙ በ2.56 እጥፍ ያንሳል። ተመሳሳይ ምስል በተመሳሳይ የሸተር ፍጥነት ሲነሳ፣ በትንሽ ሴንሰር ላይ ያለ ኤፍ/2.8 የሚሰበስበው አጠቃላይ ብርሃንም፣ የሚሰጠው ድብዘዛም በፉል ፍሬም ላይ ካለ ኤፍ/4.5 ጋር የሚስተካከል ነው። ማለትም ያገለገለ ፉል ፍሬም ከኤፍ/4 ጋር የገዛ ሰው ከባለ 2.8ው በጥቂቱ ይቀድማል። ትንሹ ሴንሰር በርቀት በኩል ብልጫ አለው፤ 200ው እንደ 320 ሆኖ ያቀርባል። ወፍ ለሚያነሳ ሰው ይህ ይጠቅማል፣ ለሠርግ ግን ትርጉሙ ትንሽ ነው።

ከባለሙያዎች የሚሰሙ ሌሎች ተቃውሞዎችም አሉ። አንደኛው የፎከስ ነው፦ በብዙዎቹ የካነን ዲኤስኤልአሮች መሃለኛዋ የፎከስ ነጥብ ኤፍ/2.8 ወይም ከዚያ የሚሰፋ ሌንስ ሲገጠም የበለጠ ጥንቁቅ ትሆናለች፤ በማያ ቀዳዳው የሚታየውም ምስል ይፈካል። ይህ እውነት ነው፤ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ይዞ በደብዛዛ ብርሃን ለሚሠራ ሰው ሊታሰብበት ይገባል። በመስታወት አልባ ካሜራ ላይ ግን ፎከሱ የሚሠራው በራሱ በሴንሰሩ ነው፤ ማያውም ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክላል። ሌላው የማራዘሚያው ጉዳይ ነው፦ በትልቁ ላይ እጥፍ ማራዘሚያ ሲገጠም ከ140 እስከ 400 ኤፍ/5.6 ይሆናል፣ በትንሹ ላይ ግን ኤፍ/8 ስለሚሆን ብዙ ዲኤስኤልአሮች ፎከስ ማድረግ ያቅታቸዋል። ይሁን እንጂ 400 ሚሊ ሜትር በየጊዜው የሚያስፈልገው ሰው፣ በባሌ ቀይ ቀበሮ የሚጠብቅ ለምሳሌ፣ ሊመርጥ የሚገባው ከሁለቱ አንዱን ሳይሆን ከ100 እስከ 400 የሚሄደውን ነው። «ደንበኛ ትልቅ ሌንስ ሲያይ ያከብራል» የሚለውስ? ሁለቱም ነጭ ናቸው። የሙሽራው አጎት ቁጥሩን አያነብም።

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ እንመለስ። ትልቁ ሌንስ ተተኪ የሌለው የሚሆነው ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፦ የሚነሳው ሲንቀሳቀስ፣ መቅረብ የማይቻል ሲሆን፣ መብራቱም በፎቶ አንሺው እጅ ሳይሆን ሲቀር። በመብራት የሚካሄድ የምሽት እግር ኳስ ሦስቱም አሉት። የቴአትር መድረክ ከአዳራሹ ጀርባ ሲነሳ፣ ኮንሰርት ከሕዝብ መሃል ሲነሳ፣ ፍላሽ በማይፈቀድበትና ወደፊት መግባት ነውር በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሥርዓት ሲነሳም እንዲሁ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን መላ አለ። ሰውየው ከቆመ አይኤስ ይበቃዋል። መቅረብ ከተቻለ 85ቱ ይሠራል። መብራቱ ከታዘዘ ፍላሽ ይተከላል። ስለዚህ ገዢው ራሱን የሚጠይቀው ስንት ብር እንዳለው ብቻ አይሁን፤ ባለፈው ዓመት ካነሳቸው ሥራዎች ውስጥ ሦስቱም የገጠሙበት ምን ያህሉ እንደሆነ ይቁጠር። ሳምንት በሳምንት ከሆነ ትልቁን ይግዛ፣ ክብደቱንም አያማርር። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሆነ ከባልደረባ መዋስ ወይም ለዕለቱ መከራየት ይችላል። «ሁለት ጊዜ ከመግዛት አንዴ መግዛት» የሚለው ተረት ለዚህ ገበያ አይሠራም፤ በደንብ የተያዘ ኤፍ/4 ሲሸጥ ከተገዛበት ብዙ አይወርድም፣ ሳይጠቀሙበት የተሸከሙት ስቶፕ ግን ማንም መልሶ አይገዛውም።

የአዲሱ ትውልድ ጥንድ ስሌቱን በጥቂቱ አዛብቶታል። ካነን ለመስታወት አልባ ካሜራዎቹ በ2019 ያወጣው አርኤፍ 70-200 ኤፍ/2.8 ክብደቱ 1070 ግራም ብቻ ነው፣ በ2020 የተከተለው ኤፍ/4 ደግሞ 695። እጥፍ የነበረው ክብደት ወደ አንድ ተኩል ወርዷል፤ የሸክም ክርክሩም በዚያው ልክ ሳስቷል። የዋጋው ልዩነት ግን አሁንም ትልቅ ነው። ደግሞም እነዚህ ሁለቱ ማራዘሚያ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ትልቁ በዚያ በኩል የነበረው ብልጫ ጠፍቷል።

ሦስቱ ሁኔታዎች ደጋግመው ስለሚገጥሙት ያገለገለ ኤፍ/2.8 ሊገዛ የወሰነ ሰው ትውልዱን ይለይ። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ባለ አይኤስ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፣ ነገር ግን 200 ላይ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይለሰልሳል፤ ባለቤቶቹም ለጥራት ሲሉ ወደ ኤፍ/4 ይዘጉታል፣ ያኔ ደግሞ የተገዛበት ምክንያት አብሮ ይዘጋል። የ2010ሩ ይህ ችግር የለበትም። ሻጩ ፊት ካሜራ ላይ ገጥሞ 200 ላይ ማድረግ፣ ኤፍ/2.8 መክፈት፣ ጽሑፍ ያለበትን ነገር በ3 ሜትር ርቀት ማንሳትና አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በስልክ መብራት ከኋላ ወደ ፊት እያበሩ በመስታወቶቹ መካከል የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ አለመኖሩን መመርመር፣ አይኤሱን አብርቶ በማያው ውስጥ ምስሉ ረግቶ መቆሙን ማየት ነው። ሻጋታ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛም፤ በ1490 ግራም ሌንስ ውስጥ 23 መስታወት አፍርሶ የሚያጸዳ ሰው በቀላሉ አይገኝም።